ምዕራፍ 7፦ ገመዱን የያዘ እጅ

ቃላድ ማለት ገመድ ነው፤ የመሬት መለኪያ ገመድ። በደቡቡ አገር ቃላድ የተጣለበት መሬት ሲከፋፈል ብዙ ባለአገር ገባር፣ ቆይቶም ጭሰኛ ሆኖ ቀርቷል። ወሬው ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ከገባ ቆይቷል። ስለዚህ በቢቸናና በሞጣ አውራጃዎች አንድ የመንግሥት ሰው ገመድ ይዞ ማሳ ዳር ሲቆም፣ ለመለካት ብቻ ነው የመጣው ብሎ የሚያምን ገበሬ አልነበረም። ርስት የአባት አጥንት ነው። አጥንት ደግሞ በገመድ አይለካም።

ይህ ምዕራፍ ስለ መሥሪያ ቤት ነው፤ ስለ ማኅተም፣ ስለ መዝገብ ቤት፣ ስለ «ነገ ተመለስ»። ከገበሬ ዐመፅ የጀመርኩት ግን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ትንሽ ታገሡኝ።

ጣሊያን በወጣ ማግስት፣ በ1934 ዓ.ም.፣ መንግሥት አዲስ የመሬት ግብር አወጀ። ጎጃም እምቢ አለ። ሁለት ዓመት ያህል ከታመሰ በኋላ መንግሥት የጎጃምን መሬት መለካቱን ተወው፤ ግብሩም ከጣሊያን በፊት በነበረው ልክ እንዲሆን ተስማማ። ከዚያ ወዲህ የልኬታው ነገር በተነሣ ቁጥር ያው ነው፤ ሹሙ ትንሽ ይገፋል፣ አገሩ ይቆጣል፣ ሹሙ ይመለሳል። ከዚያ ኅዳር 1960 ዓ.ም. መጣ። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 አሥራትን አስቀርቶ ገበሬውና ባለመሬቱ እንደ ገቢያቸው እንዲከፍሉ ደነገገ። በወረቀት ላይ ካየነው ከአሥራት የተሻለ ሕግ ነበር። ችግሩ ገቢን ለማወቅ ገማች መላክ ያስፈልጋል። ገማች ደግሞ በሞጣ ሰው ዓይን ቃላዱን ካባ ውስጥ የደበቀ ሰው ነው።

ዐመፁ የተነሣው ሞጣ ላይ ነው። ቢቸና ተከተለ፣ ሌሎቹም ተጨመሩ። መጀመሪያ ሽማግሌ ተልኮ አቤት ተባለ። ቀጥሎ ገማቾቹ እንዳይገቡ ተከለከሉ። ከዚያ ጠመንጃ ከግድግዳ ወረደ፤ የአርበኛው የበላይ ዘለቀ አገር ነውና ጠመንጃ የሌለው ቤት አልነበረም። ጦር ሠራዊት ዘመተ፣ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። መጨረሻው ግን የተለመደው ሆነ። ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሥተው ደጃዝማች ደረጀ መኮንን ተተኩ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ለዓመታት የተጠራቀመውን ውዝፍ ግብር ማሩ። አዲሱ ግብር ጎጃም ላይ ወረቀት ሆኖ ቀረ።

ገብሩ ታረቀን የመሰሉ የታሪክ ሰዎች ይህን ዐመፅ በሰፊው መርምረውታል። እኔ የማነሣው አንዱን ፈትል ብቻ ነው። ገበሬው ተሳስቷል ማለቴ አይደለም፤ ገማቾቹን አለማመኑ ጤነኛ ስሌት ነበር። የምለው፣ ያን ስሌት ያስተማረው ራሱ መንግሥት ነው። በ1934 የተጀመረው በ1936 ሲተው፣ ኋላም ሲነሣና ሲወድቅ፣ አንድ ትምህርት ከአባት ወደ ልጅ ተላለፈ፦ አዋጅ ይመጣል፣ ከጠበቅኸው ይሄዳል። በ1960 ሞጣ ላይ የተኮሰው ሰው የተኮሰው በአንድ አዋጅ ላይ ብቻ አይደለም። ከእሱ በፊት ከሽፈው የቀሩትን አዋጆች ሁሉ ቆጥሮ ነው የቆመው።

አሁን ወደ መሥሪያ ቤቱ እንግባ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን የማልጠራው አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ለአንድ ዶሴ ተመላልሻለሁ። በረንዳው ላይ የዜጎች ቻርተር ተለጥፏል፤ የእኔ ጉዳይ በሃያ ደቂቃ እንደሚያልቅ ይላል። አራተኛ ቀኔ ነበር። ከቻርተሩ ጎን የአስተያየት መስጫ ሣጥን ተሰቅሏል፤ ቁልፉ ከጠፋ ስለቆየ የምሳ ኩፖን የሚሸጠው ልጅ ኩፖኖቹን ከላዩ ደርድሮበታል። በሩ ላይ «የደንበኞች አገልግሎት ንዑስ የሥራ ሂደት» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ከሥሩ አሮጌው «መዝገብ ቤት» የሚለው ቀለም ተላጦ ይታያል። ከውስጥ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው አንድ ጋሼ ነበሩ።

«ጋሼ፣ ቻርተሩ ሃያ ደቂቃ ይላል እኮ» አልኳቸው፣ በቁጣ ሳይሆን በድካም።

«እሱን የለጠፉት ኃላፊ ተዛወሩ፣ ልጄ» አሉኝ። «እኔ እዚህ ወንበር ላይ ሰባት ኃላፊ ሸኝቻለሁ። እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል፣ ጉዝጓዝ ይጎዘጎዛል። እንግዳ ግን ይሄዳል።»

ሰውየው ሰነፍ አልነበሩም። ዶሴዬን ያገኙልኝም እሳቸው ናቸው፤ ከወለሉ ላይ፣ ከክምሩ መሐል፣ በትዝታ። የማያምኑ ሰው ነበሩ እንጂ። አለማመናቸውም እንደ ሞጣው ገበሬ በልምድ የተገዛ ነው። በሥራ ዘመናቸው ምን እንዳለፈ ቁጠሩት። በ1980ዎቹ መጨረሻ የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ፕሮግራም መጣ። በ1990ዎቹ አጋማሽ «መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ» (ቢፒአር) ተብሎ ግድግዳ ፈረሰ፣ ጠረጴዛ ተገጣጠመ፣ የክፍል ስም ተቀየረ፣ ሰው «ቢፒአር በላው» እየተባለ ከቦታው ተነሣ። ከዚያ ውጤት ተኮር፣ ከዚያ አንድ ለአምስት፣ ከዚያ የለውጥ ሠራዊት፣ ከዚያ ካይዘን። እያንዳንዱ ሥልጠና፣ አበል፣ ባነርና አቋም መግለጫ ነበረው። ሐሳቦቹ ሁሉ መጥፎ አልነበሩም፤ እንዲያውም አብዛኞቹ ደህና ነበሩ። እሳቸው ግን ከሁሉም የወሰዱት አንድ እውቀት ነው፤ ዝም ብለህ ጠብቅ።

እዚህ ላይ ብዙ አለቃ የሚስተው ነገር አለ። የተጀመረ ለውጥ ቢቋረጥ፣ መሥሪያ ቤቱ ወደነበረበት ይመለሳል እንጂ ምን ይጎድላል ብሎ ያስባል። ወደነበረበት አይመለስም፤ ከነበረበት በታች ይወርዳል። አንድ ሠራተኛ ልማዱን ሲቀይር ይከፍላል። ሰዓት አክባሪ ሲሆን ባልደረባው ይቀየመዋል። የተደበቀ ስህተት ሲያወጣ ያስወቅሰዋል። ከባለጉዳይ የሚያገኛትን «የሻይ» ሲተው ኪሱ ይጎድላል። ይህን ሁሉ የሚከፍለው አለቃው የጀመረውን ይጨርሳል ብሎ ነው። አለቃው በመንፈቁ ሲደክመው ወይም ሲዛወር፣ የከፈለው ይቀርበታል፤ ቆሞ ያየው ግን ምንም አልጎደለበትም። ስለዚህ በእያንዳንዱ የተቋረጠ ለውጥ መጀመሪያ የሚሰበረው ያ ቀድሞ ያመነው፣ ጥሩው ሠራተኛ ነው። ቀጣዩ አለቃ መጥቶ «ተባባሪ አጣሁ» ሲል፣ ተባባሪዎቹን ከእሱ በፊት የነበረው ፈጅቷቸዋል።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ሌብነትን ለማውገዝ ወይም ለማሾፍ እንጠቅሰዋለን። እኔ ግን ተረቱ በዋናነት ስለ ጊዜ የሚናገር ይመስለኛል። ተረቱ ሹመት አጭር መሆኑን እንደ ዝናብና ፀሐይ የታወቀ አድርጎ ነው የሚነሣው። ነገ የሚሻር ሰው ዛሬ ቢበላ ምን ይገርማል? ነገ የሚሻር ሰው የአምስት ዓመት ሥራ ቢጀምርስ ማን ያምነዋል? በየወረዳው ሹም ሽር እንደ ወቅት ሲፈራረቅ ያየ ሰው ተረቱ ለምን እንዳላረጀ አይጠፋውም።

ካይዘን የተባለው የጃፓን የሥራ ማሻሻያ ዘዴ በዚህ ረገድ ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ነገር አለው፤ ድካሙን አስቀድሞ አውቆታል። በ2001 ዓ.ም. አካባቢ የኢትዮጵያ መንግሥት ጃፓንን ጠይቆ በ30 ፋብሪካዎች ሙከራ ተደረገ፤ በ2004 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። የሥራ ቦታን ከሚያደራጁት አምስት የጃፓንኛ ቃላት በአማርኛ አምስቱ «ማ»ዎች ወጡ፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት በአንድ ቅዳሜ መጨረስ ይቻላል። አሮጌውን ወረቀት ታወጣለህ፣ ፋይሉን በቀለም ትደረድራለህ፣ ወለሉን ታጥባለህ፤ ፎቶ ይነሣል፣ ሪፖርት ይላካል። አራተኛዋ ወራት ትፈልጋለች። አምስተኛዋ ግን ማለቂያ የላትም። ማዝለቅ በሪፖርት ቅጽ ላይ «ተከናውኗል» ተብሎ የማይሞላ ብቸኛ ሥራ ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል የመሥሪያ ቤቶቻችን ካይዘን ብዙ ጊዜ ቅዳሜ ላይ የሚያልቀው።

ማዝለቅ ምን እንደሚጠይቅ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ እንይ። በካሊፎርኒያ ፍሪሞንት ላይ የነበረው የጄኔራል ሞተርስ መኪና ፋብሪካ በሠራተኞቹ ጠባይ ስሙ የጠፋ ነበር፤ ከሥራ መቅረት፣ በሥራ ሰዓት መጠጣት፣ ከአለቃ ጋር መናቆር። በአውሮፓውያኑ 1982 ተዘጋ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከቶዮታ ጋር በሽርክና ሲከፈት አብዛኞቹ ሠራተኞች እነዚያው ነበሩ፤ የሠራተኛ ማኅበሩም ያው። ብዙም ሳይቆይ የሚያወጡት መኪና ከጃፓኑ ጋር የሚወዳደር ሆነ። ሠራተኛው ካልተለወጠ ምን ተለወጠ? ከተለወጡት ነገሮች አንዷን ልጥቀስ፤ እዚያም ገመድ አለች። በማምረቻው መስመር ላይ የተዘረጋች ገመድ ናት። ስህተት ያየ ማንኛውም ሠራተኛ ይስባታል፣ ካስፈለገም መስመሩ ይቆማል። በድሮው ፋብሪካ መስመር ማቆም ከሁሉ የከፋ ጥፋት ነበር። በአዲሱ ገመዱን የሳበ ሰው ጋ የቡድን መሪው ይመጣና ምን ላግዝህ ይለዋል።

ገመድ መስቀል ቀላል ነው። የሚከብደው አለቃው በመቶኛውም ስበት ሳይቆጣ መምጣቱ ነው። አንድ ቀን፣ ኮታ በጎደለበትና ከላይ ስልክ በተደወለበት በዚያች አንዲት ቀን፣ «ማን ነው የሳበው?» ብሎ ከጮኸ ገመዷ ጌጥ ትሆናለች። ጄኔራል ሞተርስ ከዚያ ፋብሪካ የተማረውን ወደ ሌሎቹ ለማስፋት ብዙ ዓመት ፈጀበት። በአውሮፓውያኑ 2009 ኩባንያው ኪሳራ አወጀ፤ በቀጣዩ ዓመት የፍሪሞንቱ የሽርክና ፋብሪካም ተዘጋ።

ጎጃም ላይ ግን ገመዱ ተመልሶ መጥቷል። ይህ ታሪክ ከሚገባው በታች የተነገረለት ይመስለኛል።

በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ምሥራቅ ጎጃምን ክፉኛ አቁስሏል። «ቢሮክራት» ወይም «ቅሪት ፊውዳል» የተባለ ሰው ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተደረገ፤ ተቃውሞው አዲስ አበባ ድረስ ደረሰ። ከዚህ በኋላ መሬት ልለካ ብሎ የሚመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ምን ዓይነት አቀባበል ሊጠብቅ ይችላል? ሆኖም በ1992 ክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ አወጣ፣ የመሬት አስተዳደርን የሚመራ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤትም አቋቋመ። መሬት ለክቶ የመመዝገቡ ሙከራ የተጀመረው በደሴ ዙሪያና እዚሁ ደብረ ማርቆስን በሚከበው በጎዛምን ወረዳ ነው። ከዚያ በየወረዳው ተስፋፋ፤ ቢቸና የምትገኝበት እነማይም፣ ሞጣ የምትገኝበት ሁለት እጁ እነሴም ደረሰ። መለኪያው ብዙ ቦታ ላይ ያው ገመድ ነበር።

በዚህኛው ጊዜ ለምን ጠመንጃ አልተነሣም? ዘመኑ ሌላ መሆኑ አንድ ነገር ነው። የሥራው አካሄድ ግን ሌላ ነው። ገመዱን የያዘው ከዋና ከተማ የመጣ ገማች አልነበረም፤ የቀበሌው ሕዝብ ከመካከሉ የመረጠው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ነው። አዋሳኞቹ ማሳው ላይ ቆመው ድንበሩን ይመሰክራሉ። የተጻፈው ለሕዝብ ይነበባል፤ ቅር ያለው ይከራከራል። መጨረሻ ላይ ከቤት የሚገባ ነገር አለ፦ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ ያለበት አረንጓዴ ደብተር። ገበሬው ደብተሩን የፈለገው መንግሥትን ስለወደደ አይደለም። ሌላ ሽግሽግ ስለፈራ ነው። ብልሁ ነገር ሥራው ያን ፍርሃት አለመናቁ፣ እንዲያውም ለእሱ መልስ ይዞ መምጣቱ ነው።

የኃላፊዎቹ ጽናት የሚታየው ደግሞ በሌላ በኩል ነው። አዋጁ በ1998 ተሻሽሎ ቀጠለ። የክልሉ አመራር በእነዚህ ዓመታት ተቀያይሯል፣ የመሥሪያ ቤቱ ስምና አደረጃጀትም እንዲሁ፤ ደብተሩ ግን አልተሰረዘም። በኋላም በፊንላንድና በብሪታንያ እርዳታ ከአየር በተነሣ ምስል እያንዳንዱን ማሳ በካርታ የሚያሰፍር ሁለተኛ ዙር ተጀመረ። አንድ ሥራ ከጀመሩት ሰዎች ተርፎ ሃያ ዓመት ሲሄድ በአገራችን ብዙ ጊዜ አይታይም። እኔ ስለ መሪ ጽናት ስናገር አንድ ሰው በአንድ ወንበር ላይ ተጣብቆ መቅረቱን አይደለም፤ እሱ ሌላ በሽታ ነው። የሚሄደው ሰው ሲሄድ የማይሄድ ነገር መተዉን ነው።

ነገሩን ግን አላሳምረውም። የመሬት ጽሕፈት ቤት ዛሬም ባለጉዳይ ከሚያማርርባቸው መሥሪያ ቤቶች አንዱ ነው። አባት ሲሞት፣ መሬት በስጦታ ሲተላለፍ፣ ባልና ሚስት ሲፋቱ መዝገቡ አብሮ መቀየር ነበረበት፤ ብዙ ቦታ ላይ ደብተሩ የሟቹን ስም እንደያዘ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። መመዝገቡ ዘመቻ ነበር፤ ዘመቻ እንችላለን። መዝገቡን በየቀኑ ማደስ ግን ባነር የለውም፣ አበል የለውም፤ ያቺው አምስተኛዋ «ማ» ናት። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ደግሞ የመሥሪያ ቤት በር መከፈቱ ራሱ በየዕለቱ የሚጠየቅ ሆኗል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ ሥራ ባህል ማውራት ቅንጦት ነው የሚለኝ ሰው አለ። እኔ ተቃራኒውን አስባለሁ፤ ሁሉ ሲናወጥ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በሰዓቱ መገኘቱ ለባለጉዳዩ መንግሥት ማለት ያ ብቻ ይሆናል።

አንድ ገመድ ቀርቶኛል። ከሞጣ ወደ ደቡብ ጎንደር ሲወርዱ ዓባይ ላይ ሰባራ ድልድይ አለ። በፋሲል ዘመን የተሠራ ነው ይባላል። በጣሊያን ጊዜ መካከሉ ፈረሰ፤ ከዚያ ለስልሳ ዓመት ያህል የሁለቱ ወገን ገበያተኛ የሚሻገረው በገመድ ነበር። ሰውየው ወገቡን ይታሰራል፣ በወዲያ ማዶና በወዲህ ማዶ ያሉ ጎረምሶች ይስቡታል፣ እሱ ከወንዙ በላይ ይንጠለጠላል። አንድ አሜሪካዊ የግንባታ ሰው፣ ኬን ፍራንትዝ፣ የዚህን ፎቶ መጽሔት ላይ አይቶ መጣ፤ በ1994 ዓ.ም. የፈረሰው ክፍል ተጠገነ። ፎቶ ተነሣ፣ ተጨበጨበ። ከሦስት ዓመት በኋላ ጎርፍ ጥገናውን ይዞት ሄደ።

ብዙ ታሪክ እዚህ ላይ ያልቃል። የዚህ ግን አላለቀም፤ ጠጋኞቹ ተመልሰው መጡና በ2001 ዓ.ም. ተንጠልጣይ ድልድይ ሠሩ።

አንባቢዬ፣ በቅርቡ የተሾሙ ከሆነ፣ ቢቸናም ይሁን ሞጣ ወይም ቦሌ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። አዲስ ዕቅድ ከማውጣትዎ በፊት መዝገብ ቤት ይውረዱና ከእርስዎ በፊት የነበረው ሰው ጀምሮ የተወውን ሥራ ፋይል ያስመጡ። ስሙን አይቀይሩት። ካቆመበት ገጽ ቀጥለው ይጻፉ።